ድጎማው ፑኝዶ እስኪደርስ

የጊሎ ወንዝ ክረምት ላይ ሞልቶ ዳርና ዳሩን ያጥለቀልቃል። ውኃው ሲሸሽ እርጥብ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። የአኙዋ ገበሬ በዚያ ደለል ላይ በዱላ ጉድጓድ እየከፈተ በቆሎ ይዘራል። በዝናቡ ወራት ደግሞ ከወንዙ ራቅ ባለው ማሳ ላይ በቆሎና ማሽላ ያበቅላል። በሬ አይጠምድም። ቆላው የገንዲ በሽታ አስተላላፊ ዝንብ ያለበት ስለሆነ፣ ደጋ ላይ የእርሻ ምሰሶ የሆነው በሬ እዚህ ብዙ ዕድሜ የለውም። መሣሪያው መቆፈሪያና ገጀራ ነው። ማዳበሪያውን የሚያመጣለት ወንዙ ነው።

ይህ እርሻ የሚገኘው በአኙዋ ብሔረሰብ ዞን፣ በጎግ ወረዳ ነው። የወረዳዋ ከተማ ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚህ ዳሰሳ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የኢትዮጵያ መንግሥት ገበሬን ለመደገፍ ከሚያወጣው ገንዘብ ውስጥ ለዚህ ሰው የሚደርሰው የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት የማዳበሪያውን፣ የመሬቱን፣ የባንኩን፣ የወረዳ በጀቱንና የሴፍቲኔቱን መንገድ አንድ በአንድ መከተል ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ መንገዶች ድጎማ በሚለው ስም አይጠሩም፤ ግን ድጎማ ናቸው።

ከትልቁ ልጀምር። ባለፉት ዓመታት መንግሥት ለእርሻ በድጎማ ስም ካወጣው ገንዘብ ከፍተኛው ለማዳበሪያ የዋለ ነው። የማዳበሪያ ዋጋ ድጎማ በ1980ዎቹ መጨረሻ በገበያ ማሻሻያው ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበሬው የዓለም ገበያ ያመጣውን ዋጋ ሲከፍል ቆየ። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ሲያንረው መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መደበና ድጎማው ተመለሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በዶላር የሚገዛው ማዳበሪያ በብር ሲሰላ ዋጋው እንደገና ተተኮሰ። ኅዳር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ከሚሸፍናቸው ወጪዎች አንዱ ይኸው የማዳበሪያ ድጎማ ነበር።

አሠራሩን ልብ ማለት ይገባል። ማዳበሪያውን የሚገዛው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ወደ ዩኒየኖች፣ ከዩኒየኖች ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሄዳል። መንግሥት የሚከፍለው በግዢው ዋጋና ገበሬው በሚጠየቀው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ ድጎማው የሚለካው በኩንታል ነው። አራት ኩንታል የገዛ ገበሬ የአራት ኩንታል ድጎማ አገኘ፤ አንድ የገዛ የአንድ አገኘ፤ ምንም ያልገዛ ምንም አላገኘም። ገንዘቡ የተመደበው በገበሬው ስም ቢሆንም የሚከተለው ጆንያውን ነው።

በደጋው ይህ ትርጉም አለው። የጎጃምና የአርሲ መሬት ለዘመናት ታርሶ ደክሟል፤ ያለ ዩሪያና ያለ ዳፕ ስንዴውም በቆሎውም አይቆምም። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ ዘገየብን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው መጮኻቸው አለምክንያት አልነበረም። የእነርሱን ድጎማ ቀንሱ የሚል ሐሳብ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

ጎግ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ፑኝዶ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ጆንያ የሚደርሰው በክረምት ጭቃ ወደሚቆረጥ መንገድ ነው። ቢደርስስ? የወንዝ ዳር ማሳ ጎርፍ የሚያጥበው ማሳ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ የበተነውን ውኃ እንዲወስድበት የሚፈልግ ገበሬ የለም። ደለሉ ራሱ ያዳብራል። በሬ በሌለበት፣ የተሻሻለ ዘር በማይደርስበት፣ ማሳው በመቆፈሪያ በሚሠራበት እርሻ ማዳበሪያ ብቻውን ብዙ አይጨምርም። ስለዚህ የፑኝዶ ገበሬ ከሞላ ጎደል ማዳበሪያ አይገዛም፤ ከአገሪቱ ትልቁ የእርሻ ድጎማም ድርሻ የለውም።

«እንዲገዛ እናስተምረዋ» የሚል ይኖራል። ብዙ ባለሙያዎች ሲሉት የኖሩት ይህንን ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን እጠይቃለሁ። ያለ ማዳበሪያ በዓመት ሁለቴ የሚያመርት ገበሬ በሌላ ነገር ሊደገፍ ሲችል፣ ድጎማ ለመቀበል ሲል ብቻ የማይፈልገውን ዕቃ ለምን ይገዛል? የእርሱ ችግር እህሉን ጎተራ ውስጥ የሚጨርስበት ነቀዝ ነው። ጥሩ ዘርና ጥሩ መቆፈሪያ አለማግኘቱ ነው። ከብት ለማርባት ቢነሣ የገንዲ መድኃኒት ማጣቱ ነው። የዓሣ መረብ ነው፤ በበጋ ውኃ የሚስብ ትንሽ ፓምፕ ነው። በእነዚህ ላይ የሚወጣ የድጎማ ገንዘብ ከማዳበሪያው ጋር ሊወዳደር ቀርቶ ጎኑም አይቆምም።

ያለፈውን ዘመን ላነሣ ግድ ነው፤ የጋምቤላ መሬትና የመንግሥት ገንዘብ የተገናኙት አሁን አይደለምና። በደርግ ጊዜ ከብድሩም ከግብዓቱም ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የመንግሥት እርሻዎች ነበሩ። ግለሰብ ገበሬው ደግሞ እህሉን በመንግሥት ዋጋ እንዲያስረክብ ኮታ ይጣልበት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተጎዱ ሰዎች ከሰሜን መጥተው አቦቦ አካባቢ ሰፈሩ። በሶቪየቶች እገዛ ጥጥ ያጠጣል የተባለ ግድብ በአልዌሮ ወንዝ ላይ ተሠራ። ግድቡ ሳይጠቀሙበት ዓመታት አለፉ። በኋላ የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ኩባንያ ሳዑዲ ስታር 10,000 ሄክታር ወስዶ ሩዝ ለማምረት ሲነሣ፣ የግድቡ ውኃ አብሮ ወደዚያ ዞረ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው የመስኖ ውኃ ለአቦቦና ለጎግ አነስተኛ ማሳዎች እስከ ዛሬ አልተዘረጋም ማለት ይቻላል።

ወደ ስሙ ያልተጠራው ድጎማ የምገባው በዚህ በር ነው። መንግሥት መሬትን ከዋጋው በታች ሲያከራይ ተከራዩን እየደጎመ ነው። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. ከህንዱ ኩባንያ ካሩቱሪ ጋር የተፈረመው ውል 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት፣ በሄክታር በዓመት 20 ብር ይላል። በጊዜው ምንዛሪ አንድ ዶላር ከሩብ እንኳ አይሞላም። የ100,000 ሄክታር የዓመት ኪራይ ተደምሮ ሁለት ሚሊዮን ብር ነው።

በኪራዩ ላይ ሌላ ተጨመረ። ባለሀብቱ ትራክተርና መለዋወጫ ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። የገቢ ግብር እፎይታ ያገኛል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 270 ደግሞ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች ሩቅ አካባቢዎች ለሚሠማራ ባለሀብት እፎይታው ካለቀ በኋላም ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ከገቢ ግብሩ 30 በመቶ እንዲቀነስለት ደነገገ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ 30 በመቶ መዋጮ ላቀረበ ሰው ቀሪውን 70 በመቶ ያበድር ነበር፤ መዋጮው በብዙዎቹ ዘንድ ምን ያህል እውነተኛ እንደነበረ በኋላ አጠያይቋል።

ውጤቱን የመረመረው ራሱ መንግሥት ነው። በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ የተካሄደው የጋምቤላ እርሻ ኢንቨስትመንት ጥናት፣ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ተሰጥቶ የለማው ከስድስት እጅ አንዱን እንኳ እንዳልሞላ አሳየ። አንዱ መሬት ለሁለት ሰው ተሰጥቶ፣ የአንዱ ካርታ በሌላው ካርታ ላይ ተደርቦ ተገኘ። ብድር ወስደው መሬቱን ያላለሙ ነበሩ። ካሩቱሪም ውሉ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። የልማት ባንኩ የማይመለስ ብድር በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከጠቅላላ ብድሩ 40 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። የዚህ ሁሉ ምክንያት ጋምቤላ አይደለችም፤ ግን ጋምቤላ ላይ የጠፋው ገንዘብ ድርሻ አለው። ባንኩን ለማዳን የገባው ካፒታል ከሕዝብ ካዝና የወጣ ነው።

እንግዲህ በአንድ ክልል ሁለት አራሾች ነበሩ ማለት ነው። አንዱ ርካሽ መሬት፣ ከቀረጥ ነፃ ትራክተር፣ የግብር እፎይታና የባንክ ብድር ተሰጠው። ሌላው የአባቱን መሬት ይዞ መቆፈሪያውን በራሱ ገንዘብ ገዛ። የመጀመሪያው ብዙውን መሬት ጦሙን አሳደረው። ሁለተኛው በየዓመቱ ዘርቶ አጨደ። የሕዝብ ገንዘብ ላልዘራው ደርሶ ለዘራው ካልደረሰ፣ የመመዘኛው ስህተት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻዋል?

በጋምቤላ ቢሮዎች «ድጎማ» ሲባል ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ማዳበሪያን አይደለም። በጀትን ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር መሠረት የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ገንዘብ የድጎማ በጀት ይባላል። የራሱ ገቢ አነስተኛ የሆነው የጋምቤላ ክልል ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው በዚህ ነው። ክልሉ ደግሞ ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ጎግ ወረዳ የሚደርሰው ገንዘብ በአመዛኙ ደመወዝ ነው፦ የመምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞች። በመመሪያው በየቀበሌው አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳት፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ይመደባል። ስለዚህ ለፑኝዶ ገበሬ በእርግጥ ከሚደርሰው የመንግሥት የእርሻ ድጋፍ ዋናው ይህ የልማት ሠራተኛ ነው። ለእርሱ ደመወዝ የሚከፈል በጀት አለ፤ ይዞት የሚሄድ ዘር፣ መድኃኒትና ሞተር ሳይክል ግን ብዙ ጊዜ የለም። ባዶ እጁን የሚመጣ ባለሙያ ምክሩ ምንም ያህል ቢበጅ ቆሞ የሚሰማው ጥቂት ነው።

ይህ ደመወዝ አንድ ጊዜ ዓለም አቀፍ ክርክር ውስጥ ገብቷል። ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን አቁመው፣ በ1998 ዓ.ም. ፒቢኤስ በሚል አጭር ስም የታወቀውን የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ጀመሩ። የዓለም ባንክና የእንግሊዝ መንግሥት ዋና ገንዘብ አቅራቢዎቹ ነበሩ። ገንዘቡ በድጎማ በጀቱ በኩል እስከ ወረዳ ይወርድና የልማት ሠራተኞችን ጨምሮ የአገልግሎት ሠራተኞችን ደመወዝ ይሸፍን ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጋምቤላ ክልል በሦስት ዓመት ውስጥ 45,000 አባወራዎችን በመንደር የማሰባሰብ ዕቅድ አወጣ። መንግሥት ፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው አለ፤ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና ወፍጮ እንደሚቀርብ ቃል ገባ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ብዙዎች ተገደው እንደተነሡ፣ ቃል የተገባውም እንዳልተፈጸመ ጻፈ። መስከረም 2005 ዓ.ም. ከአካባቢው የተሰደዱ አኙዋዎች ለዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አቤቱታ አቀረቡ።

ፓነሉ ኅዳር 2007 ዓ.ም. ያቀረበው ሪፖርት በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። ፒቢኤስ ማዛወሩን በቀጥታ አስከተለ አላለም። ነገር ግን የሁለቱ ፕሮግራሞች ሥራ መሬት ላይ እንደተያያዘ፣ ባንኩም የዚህን አደጋ በአግባቡ እንዳልመዘነ ገለጸ። ስለ ገበሬው የሚነግረን ደግሞ ሌላ ነው። ከወንዝ ዳር ወደ መንገድ ዳር የተዛወረ ሰው የደለል ማሳውን፣ ሁለተኛውን መከሩን ትቶ ነው የሚሄደው። የልማት ሠራተኛውን ለመቅረብ ሲባል ያለ ማዳበሪያ የሚያበቅለው መሬት ከራቀው፣ ያ አገልግሎት ከሰጠው ይልቅ የወሰደበት ይበልጣል። በአዲስ አበባ የተነደፈ ዕቅድ ወንዙን ሳያይ ሲወጣ የሚሆነው ይህ ነው።

ቀጥታ ለቤተሰብ የሚከፈል ገንዘብስ? ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ አለ፤ ሴፍቲኔት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ሆኖ እስከ ስምንት ሚሊዮን ሕዝብ ደርሷል። መሥራት የሚችል የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን፣ በዓመት ስድስት ወር እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ፣ ኩሬ እየቆፈረ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል። ጉድለቶች አሉት፤ ክፍያ ይዘገያል፣ ዋጋ ንረት ገንዘቡን ይበላዋል፣ በምርጫው ላይ ቅሬታ አይጠፋም። ቢሆንም ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ ክፉውን ወር እንዲያልፍ ረድቷል።

የጋምቤላ ገጠር ግን በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የለም። የጋምቤላ ከተማ በ2009 ዓ.ም. ግድም ሥራ በጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ከገቡት ከተሞች አንዷ ሆናለች። ገጠሩ ሳይካተት የቀረበት ምክንያት በመግቢያ መስፈርቱ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲጀመር የተመረጡት ለተከታታይ ዓመታት የምግብ ዕርዳታ ሲቀበሉ የቆዩ ወረዳዎች ነበሩ። ጋምቤላ ለም ናት፣ ውኃ አላት፣ መሬት ተርፏታል ተባለ። ልብ በሉ፤ ባለሀብቱ የተጠራበት ምክንያትም ይኸው ነው። «ለምና ባዶ» የሚለው አንድ ስም መሬቱን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ፤ ለባለቤቱ ደግሞ ሴፍቲኔቱን ዘጋበት። መሬቱ ባዶ አልነበረም። በአኙዋ ባህል መሬት የመንደሩ ነው፣ አለቃው ኳሮ ያስተዳድረዋል፤ የሚያርፈውም የሚታረሰውም በተራ ነው። ዘንድሮ ያልታረሰው ከርሞ የሚታረሰው ነው።

ፑኝዶ ላይ ይህን ሁሉ የሚያወሳስብ ሌላ እውነት አለ። ከተማዋ ከራሷ ሕዝብ የሚበልጥ እንግዳ ታስተናግዳለች። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የስደተኞች ካምፕ እስከ ዛሬ አለ፤ በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ሁለተኛ ካምፕ ተጨመረ። ለስደተኛው ወርኃዊ ራሽን ይመጣል፤ ከራሽኑ ከፊሉ ሳሙናና ጨው ለመግዛት ወደ ገበያ ይወጣል። የዕርዳታ እህል ገበያ ላይ ሲበዛ የገበሬው በቆሎ ዋጋ ይወርዳል፤ ዕርዳታው ሲቋረጥ ደግሞ ችግሩ ለሁሉም ይደርሳል። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም የእህል ስርቆት ተገኘ ብሎ ሥርጭቱን በመላ አገሪቱ ሲያቆም፣ የስደተኞች ራሽን የተመለሰው በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። በእነዚያ ወራት ጎረቤት ከጎረቤት ተካፍሎ ነው የኖረው።

አስተናጋጁን ለመካስ በ2008 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጽድቆ ጋምቤላን ጨምሮ ስደተኛ በተቀበሉ አካባቢዎች ሥራ ተጀመረ። ትምህርት ቤት፣ የውኃ ተቋም፣ አነስተኛ መስኖና ለኑሮ ማሻሻያ ቡድኖች መነሻ ገንዘብ ይሰጣል። በእኔ ግምት ከተመለከትናቸው ሁሉ ወደ ፑኝዶ ገበሬ ፍላጎት የቀረበው ይህ ነው፤ ማኅበረሰቡ ምን እንደሚያስፈልገው ራሱ እንዲመርጥ ስለሚጠየቅ። ግን ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክት ደግሞ የሚዘጋበት ቀን አለው።

ሌላው ዓለም ከዚህ ችግር ጋር ሲታገል ኖሯል። የአውሮፓ ኅብረት ለገበሬ የሚከፍለው በአብዛኛው በሄክታር ነው፤ ስለዚህ ከክፍያው 80 በመቶ ገደማውን የሚወስዱት 20 በመቶዎቹ ባለብዙ መሬቶች ናቸው እየተባለ ዓመት እስከ ዓመት ይወቀሳል። ማላዊ በ2005 እ.ኤ.አ. ለድኃ ገበሬዎች የማዳበሪያና የዘር ኩፖን ማደል ጀምራ በቆሎዋን አበዛች፤ ወጪው ግን በጀቷን አጎበጠው። ህንድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሬት ላለው ገበሬ ቤተሰብ በዓመት 6,000 ሩፒ በሦስት ጊዜ በባንክ ሒሳቡ ታስገባለች፤ ማዳበሪያ ይግዛበት፣ ነቀዝ የማያስገባ ከረጢት ይግዛበት ውሳኔው የእርሱ ነው። ከህንዱ መንገድ የምወስደው ይህንን ነው። የማልወስደው ደግሞ የመሬት ወረቀት መጠየቁን ነው። ጎግ ላይ የመንደር መሬት እንጂ የግለሰብ ደብተር የለም፤ ወረቀት ያለው ብቻ ይከፈለው ከተባለ ድጎማው እንደገና ለባለካርታው ባለሀብት ይሄዳል።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ለሦስት አካላት ነው። የግብርና ሚኒስቴር ለማዳበሪያ ከሚያወጣው ድጎማ ተመጣጣኝ ድርሻ ማዳበሪያ ለማይጠቀሙ ወረዳዎች በገንዘብ ይስጥ፤ በምን ላይ እንደሚውል ወረዳውና ቀበሌው ይወስኑ፤ ዘር፣ ከረጢት፣ የገንዲ መድኃኒት፣ መረብ ወይም ፓምፕ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የሚያስፈጽሙ ቢሮዎች፣ ለባለሀብት ሌላ ሄክታር ከመለካታቸው በፊት የአኙዋን መንደሮች የወል ይዞታ በስማቸው ይመዝግቡ፤ ያረፈ ማሳ ባዶ ማሳ ተብሎ አይቆጠር። የሚቀጥለውን የሴፍቲኔት ምዕራፍ የሚነድፉ ሰዎችም የጋምቤላን ገጠር ከዕርዳታ ታሪኩ ሳይሆን ከዛሬው ችግሩ ተነሥተው ይመዝኑት።

ሴፍቲኔቱ ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በአምስቱም ምዕራፎቹ ከገቡት ወረዳዎች መካከል ጎግ የለችም።